‹‹እንቅልፍ እምቢ ሲለኝስ የትኛው አንቀጽ ነው?››

መርካቶን የሚያውቅ ሰው ሁሉ የራሱ ተራ አለው፡፡ የእኔ በርበሬ ተራ ነው፡፡ ነጋዴ ሆኜ አይደለም፡፡ አንዲት የረጅም ዘመን ወዳጄ እዚያ ሱቅ ስላላት ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሻይ እየጠጣሁ፣ በየመሐሉም እያስነጠስኩ የአገሩን ወሬ የምሰማው እዚያ ነው፡፡ ሕግ መማሬን ስለሚያውቁ የኪራይ ውል፣ የውርስ ጣጣ፣ የዕቁብ ጭቅጭቅ ያለበት ሁሉ ወረቀቱን ይዞ ብቅ ይላል፡፡ ባለፈው ክረምት የቀረበልኝ ወረቀት ግን ከእነዚህ ሁሉ የተለየ ነበር፡፡

ያመጣችው የወዳጄ የእህት ልጅ ናት፡፡ 17 ዓመቷ ነው፡፡ ከገጠር የመጣችው ለመሮጥ ሲሆን ያረፈችው አክስቷ ዘንድ ነው፡፡ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ተነስታ ጃንሜዳ ትወርዳለች፤ ረፋድ ላይ ተመልሳ ሱቅ ታግዛለች፤ ማታ ደግሞ ትማራለች፡፡ በአገር ውስጥ ውድድር ሁለት ጊዜ ጥሩ ሰዓት አስመዘገበችና አንድ ደላላ ‹‹ማናጀር አገኘሁልሽ›› ብሎ ሰባት ገጽ የእንግሊዝኛ ውል አስፈረማት፡፡ ፈርማ ካበቃች በኋላ ነው እንዳነብላት የመጣችው፡፡ የአገራችን ነገር እንዲህ ነው፤ ፊርማው ይቀድማል፣ ንባቡ ይከተላል፡፡

ቁጭ ብዬ አንቀጽ በአንቀጽ ተረጎምኩላት፡፡ ከሽልማት ላይ የሚቆረጠው መቶኛ አለ፡፡ የጫማ ጉዳይ አለ፡፡ ያለ ፈቃድ መወዳደር ክልክል ነው ይላል፡፡ አበረታች መድኃኒት ከተገኘባት የሚደርስባት ተጽፏል፡፡ ጉዳት ቢደርስባትና ለተወሰኑ ወራት መሮጥ ባትችል ውሉ እንደሚቋረጥም እንዲሁ፡፡ ልጅቷ አንገቷን ደፍታ ሰማችኝና ስጨርስ እንዲህ አለችኝ፡፡

‹‹ጋሼ፣ እግሬን ሲያመኝ አንቀጽ ስምንት ነው አሉኝ፡፡ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝስ የትኛው አንቀጽ ነው?››

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ውል ሳነብ እንዲህ ያለ ጥያቄ ቀርቦልኝ አያውቅም፡፡ ወረቀቱን መልሼ ገለጥኩት፡፡ የለም፡፡ አክስቷ ከሚዛኑ ላይ ዓይኗን ሳታነሳ፣ ‹‹እኔስ ምን ላድርግ ትላለህ? አማኑኤል ልውሰዳት እንዴ?›› አለች፡፡ ጥያቄ አልነበረም፤ ‹‹ይህስ አይደረግም›› ማለቷ ነው፡፡ ልጅቷም ደነገጠች፡፡ የዛሬው ጽሑፌ የሁለቱን ጥያቄ ለመመለስ የሚደረግ ሙከራ ነው፡፡ የልጅቷን ጉዳይ የምጽፈው እሷም አክስቷም ስለፈቀዱልኝ ነው፤ ማንነቷን የሚያሳውቅ ነገር ግን አልጠቅስም፡፡

አማኑኤል ቅርብም ነው ሩቅም ነው

ከበርበሬ ተራ ተነስቶ አማኑኤል ሆስፒታል ለመድረስ ታክሲ እንኳ የማያስፈልገው ሰው ብዙ ነው፡፡ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተመሠረተው ይህ ሆስፒታል ያለው እዚያው አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ውስጥ ነው፡፡ ለአሥርተ ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአዕምሮ ሕክምና ሆስፒታል ሆኖ ኖሯል፡፡ እ.ኤ.አ. በ1987 የአዕምሮ ሕክምና ነርሶችን ማሠልጠን የተጀመረው በዚሁ ግቢ ነው፡፡ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ አዕምሮ ስፔሻሊስት ሐኪሞችን አገር ውስጥ ማሠልጠን የጀመረው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2003 ነው፡፡ ከዚያ በፊት ስፔሻሊስት ለመሆን ወደ ውጭ አገር መሄድ ግድ ነበር፡፡

በመንገድ ቅርብ የሆነው ሆስፒታል በልብ ግን ሩቅ ነው፡፡ ምክንያቱን ሁላችንም እናውቀዋለን፡፡ ‹‹አማኑኤል›› የሚለው ስም በአፋችን ስድብ ሆኗል፡፡ የታክሲ ረዳት ከተሳፋሪ ጋር ሲጣላ፣ ‹‹ከአማኑኤል አምልጠህ ነው?›› ይለዋል፡፡ አክስትየዋ የፈራችው ሐኪሙን አይደለም፡፡ የፈራችው በሩ ላይ የሚያያትን የሰፈር ሰው ነው፡፡ ልጅቷ አንድ ቀን እዚያ ብትታይ ክለብ አይወስዳትም፣ ማናጀሩ ይተዋታል፣ ባልም አታገኝም ብላ ነው የፈራችው፡፡ አላዋቂነት ብለን ብንስቅባት ስህተት ነው፡፡ ፍርሃቷ ከኑሮ የተማረችው ነው፡፡

ሌላው ስህተት ግን የእሷ ብቻ ሳይሆን የአብዛኞቻችን ነው፡፡ ‹‹የአዕምሮ ድጋፍ›› ሲባል የሚታየን አንድ በር ብቻ ነው፤ እሱም የሆስፒታል በር፡፡ ነገሩ ግን ሦስት ደረጃ ያለው ነው፡፡

ሦስቱ ደረጃዎች

የመጀመሪያው በየዕለቱ የሚገኝ ድጋፍ ነው፡፡ ይህ ሐኪም አይፈልግም፡፡ አንዲት ታዳጊ ‹‹ዛሬ ደክሞኛል›› ብትል የማይቆጣት አሠልጣኝ፣ ስታለቅስ ‹‹ሰነፍ›› የማትላት የቡድን ጓደኛ፣ ስትሸነፍ ስልክ አንስቶ ‹‹ደህና ገባሽ ወይ?›› የሚላት ቤተሰብ ያስፈልጋታል፡፡ ቀላል ይመስላል፡፡ ነገር ግን ከቤተሰቧ ተነጥላ፣ ከአራት አምስት ልጆች ጋር አንዲት ክፍል ተከራይታ ለምትኖር ልጅ ይህ ራሱ ብርቅ ነው፡፡

ሁለተኛው የስፖርት ሥነ ልቦና ባለሙያ ሥራ ነው፡፡ ይህም ቢሆን ሕክምና ሳይሆን ሥልጠና ነው፡፡ አሠልጣኝ እግርን እንደሚያሠለጥን ሁሉ ይህ ባለሙያ ሐሳብን ያሠለጥናል፡፡ ከውድድር በፊት የሚመጣን የልብ ምት እንዴት በትንፋሽ ማብረድ እንደሚቻል፣ የመጨረሻው ዙር ደወል ሲደወል በምን ላይ ማተኮር እንደሚሻል፣ ከሽንፈት በኋላ ራስን እንዴት መገምገም እንጂ መርገም እንደማይገባ ያስተምራል፡፡ ጉዳት ደርሶባት ለወራት ከሜዳ የራቀች አትሌት ‹‹ካልሮጥኩ ማን ነኝ?›› የሚለው ጥያቄ ሲያስጨንቃት አብሯት ያስባል፡፡

ሦስተኛው ሕክምና ነው፡፡ ድብርት፣ ከባድ ጭንቀት፣ የአመጋገብ መታወክ እንደ ወባና እንደ አጥንት ስብራት ሁሉ ምርመራና መድኃኒት ያላቸው ሕመሞች ናቸው፡፡ ወደዚህ ደረጃ መሸጋገሪያው ምልክት ምንድን ነው? ሐኪሞች የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው፡፡ አንድ ሰው ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ በአብዛኛው ቀን ከከፋው፣ ይወደው የነበረው ነገር ካስጠላው፣ እንቅልፉና የምግብ ፍላጎቱ ከተዛባ፣ ከሰው ከራቀና ራሱን ዋጋ ቢስ አድርጎ ማየት ከጀመረ ባለሙያ ሊያየው ይገባል፡፡ ስለ መሞት ካነሳ ደግሞ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ ብቻውን ሳይተው በዚያው ቀን ነው የሚወሰደው፡፡

ሕክምናው የግድ አማኑኤል ማለትም አይደለም፡፡ አሁን በአጠቃላይ ሆስፒታሎችም የአዕምሮ ሕክምና ክፍል አለ፡፡ ጸበልም ሆነ ዱዓ ከሐኪም ጋር አይጣላም፡፡ ራጉኤል ተሳልሞ ወይም አንዋር ሰግዶ ወደ ሐኪም መሄድ ይቻላል፡፡ ችግር የሚሆነው አንዱ ሌላውን ሲከለክል ነው፡፡

ለምን ወጣቶቹ? ለምን ሴቶቹ?

‹‹ወንዶቹስ አይጨነቁም?›› የሚል አንባቢ አይጠፋም፡፡ ይጨነቃሉ እንጂ፡፡ ነገር ግን የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ድብርት በሴቶች ላይ ከወንዶች በ50 በመቶ ገደማ ይበዛል፡፡ ከአዕምሮ ሕመሞች ግማሽ ያህሉ የሚጀምሩትም ከ18 ዓመት ዕድሜ በፊት ነው፡፡ በእኛ አገር ሴት ልጅ ሯጭ ለመሆን ቤቷን የምትለቅበት ዕድሜ ከዚሁ ብዙም አይርቅም፡፡

በዚህ ላይ የራሷ የሆነ ሸክም አለባት፡፡ የበርበሬ ተራዋን ልጅ ቀስ ብዬ ስጠይቃት አንድ በአንድ ነገረችኝ፡፡ አባቷ ሊልካት አንድ በሬ ሸጧል፡፡ ከቤት የሚመጣ ስልክ ሁሉ የሚያልቀው ‹‹መቼ ነው የምትወጪው?›› በሚል ጥያቄ ነው፡፡ ‹‹መውጣት›› ማለት ውጭ አገር ሄዶ መወዳደር ነው፡፡ ሌሊት የሚቀሰቅሳት በሬው ነው፤ እንዲህ ነው ያለችኝ፡፡ ከውድድር በፊት ያስመልሳታል፡፡ ከዚህ ሁሉ በላይ ለአክስቷ ብቻ፣ ያውም በጆሮዋ የነገረቻት ነገር አለ፡፡ የወር አበባዋ ከቀረ አምስት ወር አልፎታል፡፡ አክስቷ መጀመሪያ የጠረጠረችውን መገመት አያቅትም፡፡ ጉዳዩ ግን እርግዝና አልነበረም፡፡

ይህን ነገር ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2014 ስም አውጥቶለታል፡፡ ባጭሩ ሰውነት በሥልጠና የሚያቃጥለው ጉልበት ከምግብ ከሚያገኘው ሲበልጥ የሚመጣ ጉድለት ነው፡፡ ሰውነት ስንቅ ሲያንሰው እንደ ብልህ ባለቤት ‹‹ለጊዜው የማያስፈልገውን ወጪ›› ይቀንሳል፡፡ መጀመሪያ ከሚቀንሳቸው አንዱ የወር አበባ ነው፡፡ ቀጥሎ አጥንት ይሳሳል፤ በቀላሉ የሚሰነጠቀውም ለዚህ ነው፡፡ እንቅልፍ ይዛባል፣ ስሜት ይረበሻል፣ ድብርት ይከተላል፡፡ ድብርቱ ደግሞ በተራው የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፡፡ እንግዲህ አካልና አዕምሮ የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው፡፡ በብዙ ሠፈር ‹‹የወር አበባ የቀረባት ጠንካራ ስለሠራች ነው›› እየተባለ እንደ ጉብዝና ሲቆጠር ሰምቻለሁ፡፡ ጉብዝና አይደለም፤ ሰውነት የሚያሰማው የድረሱልኝ ጩኸት ነው፡፡

ታዲያ ይህን ለማን ትንገር? አሠልጣኟ ወንድ ነው፡፡ ምክትሉ ወንድ ነው፡፡ ማናጀሩም፣ ደላላውም፣ ወጌሻውም ወንድ ናቸው፡፡ ክፉ ሰዎች ናቸው አላልኩም፡፡ ነገር ግን በእኛ ባህል የ17 ዓመት ልጅ ይህን ለወንድ አትናገርም፡፡ ስለዚህ ዝም ትላለች፡፡ ዝምታዋ ደግሞ ‹‹ጨዋ ናት›› ተብሎ ይመሰገናል፡፡

ሲወድቁ ማን ያነሳል?

እ.ኤ.አ. በየካቲት 2023 በአውስትራሊያ ባተርስት ከተማ የተካሄደውን የዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና ያየ ሰው አይረሳውም፡፡ ለተሰንበት ግደይ እየመራች መጨረሻው መስመር አጠገብ ደረሰች፡፡ ኬንያዊቷ ቢያትሪስ ቼቤት አለፈቻት፤ ወዲያውም ለተሰንበት መሬት ላይ ወደቀች፡፡ ሰው ገብቶ አነሳት፣ እሷም እንደምንም መስመሩን አለፈች፡፡ ይሁን እንጂ ለመነሳት የሰው ዕርዳታ በማግኘቷ ከውጤት ተሰረዘች፡፡ ደንብ ነውና አይፈረድም፡፡ በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር ቡዳፔስት ላይ በ10 ሺህ ሜትር የብር ሜዳሊያ አገኘች፡፡

እኔን ያሳሰበኝ ግን ሌላ ነገር ነው፡፡ በሩጫው መስመር ላይ የወደቀችን አትሌት ያልተፈቀደለት ሰው ገብቶ ማንሳት ክልክል ነው፡፡ ከመስመሩ ውጭ ግን እንዲህ የሚል ደንብ የለም፡፡ እኛ ግን ያለ ይመስል ቆመን እናያለን፡፡

ከዚያ አንድ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ በሐምሌ 2014 ዓ.ም. በአሜሪካ ዩጂን የተካሄደውን የዓለም ሻምፒዮና እናስታውስ፡፡ ኢትዮጵያ ካገኘቻቸው አራት ወርቆች ሦስቱን ያመጡት ለተሰንበት ግደይ በ10 ሺህ ሜትር፣ ጎተይቶም ገብረሥላሴ በማራቶን፣ ጉዳፍ ፀጋይ በ5 ሺህ ሜትር ናቸው፡፡ ሦስቱም የትግራይ ልጆች ናቸው፡፡ በዚያን ጊዜ በጦርነቱ ምክንያት በትግራይ ስልክ ተቋርጦ ነበር፡፡ የፕሪቶሪያው ስምምነት የተፈረመው ከዚያ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ኅዳር 2 ቀን 2022 ነው፡፡ ሕዝብ በየአደባባዩ ሲጨፍር ‹‹እናቴ ሰምታ ይሆን?›› የሚል ጥያቄ ይዞ መድረክ ላይ መቆም ምን ማለት እንደሆነ እያንዳንዱ አንባቢ በራሱ ልብ ይመዝነው፡፡ ወርቁን ቆጠርን፡፡ ጥያቄውን ግን ማን ቆጠረላቸው?

ከዚያም በፊት እ.ኤ.አ. በ2014 በዚያው ዩጂን በተካሄደ የዓለም ወጣቶች ሻምፒዮና ላይ የነበሩ አራት ታዳጊ አትሌቶቻችን፣ ከመካከላቸው ሦስቱ ሴቶች፣ ከማረፊያቸው ጠፍተው ፖሊስ ሲፈልጋቸው ሰንብቶ በሰላም ተገኝተዋል፡፡ በጊዜው ወሬው ‹‹ጠፉ›› የሚል ብቻ ነበር፡፡ ልጅ ከቡድኑ ተለይቶ በማያውቀው አገር መንገድ ከመግባቱ በፊት ምን ያስብ ነበር፣ ለማንስ ሊናገር ይችል ነበር የሚለው አልተጠየቀም፡፡

ጎረቤት ኬንያ ይህን ጥያቄ የጠየቀችው ከባድ ዋጋ ከፍላ ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2021 ሴቶች ብቻቸውን በሚወዳደሩበት የ10 ኪሎ ሜትር የጎዳና ሩጫ የዓለም ክብረ ወሰን የሰበረችው አግነስ ቲሮፕ በቀጣዩ ወር ኢተን በሚገኘው ቤቷ በስለት ተወግታ ተገደለች፡፡ 25 ዓመቷ ነበር፡፡ ባለቤቷ በግድያው ተከሰሰ፡፡ ጓደኞቿ በስሟ ማኅበር አቋቁመው በትዳርና በፍቅር ስም ለሚበደሉ ወጣት ሯጮች መጠጊያ ለመሆን ተነሱ፡፡ እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ በፓሪስ ኦሊምፒክ ማራቶን የሮጠችው ኡጋንዳዊት ሬቤካ ቼፕቴጌይ የቀድሞ ፍቅረኛዋ ቤንዚን አርከፍክፎ አቃጥሏት ከቀናት በኋላ ሕይወቷ አለፈ፡፡ ሴት ልጅ ገንዘብ ማግኘት ስትጀምር በዙሪያዋ የሚሰበሰበው ሁሉ ወዳጅ አይደለም፡፡ የሚያማክራት ሰው ቀድሞ ካልተገኘ የሚበዘብዛት ይቀድማል፡፡

ሕጉ ምን ይላል?

ወደ ሙያዬ ልመለስ፡፡ ልጅቷ ‹‹የትኛው አንቀጽ ነው?›› ብላኛለችና፡፡

በውሉ ውስጥ ባይኖርም በአገሩ ሕግ ውስጥ ግን አለ፡፡ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ንዑስ አንቀጽ 1 (መ) ሕፃናት ከጉልበት ብዝበዛ እንዲጠበቁ፣ ትምህርታቸውን፣ ጤናቸውንና ደህንነታቸውን የሚጎዳ ሥራ እንዳይሠሩ ይደነግጋል፡፡ ንዑስ አንቀጽ 2 ሕፃናትን በሚመለከት ማንኛውም እርምጃ ሲወሰድ የእነሱ ደህንነት በቀደምትነት እንዲታሰብ ያዛል፡፡ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1991 የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽንም ሕፃን የሚለው ከ18 ዓመት በታች ያለን ሰው ነው፡፡ 17 ዓመት የሆናት ሯጭ በሕግ ፊት ሕፃን ናት፤ የቱንም ያህል በፍጥነት ብትሮጥ፡፡

በአዲስ አበባ የሚሠራበት የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) ደግሞ አካለ መጠን ያላደረሰን ልጅ በገንዘብና በንብረት ጉዳይ የሚወክለው ሞግዚቱ ነው ይላል፡፡ ወላጆች ካሉ ሞግዚቶቹ እነሱ ናቸው፡፡ ስለዚህ ደላላው ከልጅቷ ብቻ የተቀበለው ፊርማ እሱ እንደሚያስበው የጸና አይደለም፤ በፍርድ ቤት ሊያስፈርስ የሚችል ጉድለት አለበት፡፡ ይህን ስነግራት ከደስታ ይልቅ ድንጋጤ ነው ፊቷ ላይ ያየሁት፡፡ ‹‹ይቀማኛል ማለት ነው?›› አለችኝ፡፡ መብቷን ስነግራት ዕድሏን የወሰድኩባት መሰላት፡፡ ከዚህ የተማርኩት ነገር አለ፡፡ ለተጨነቀ ሰው አንቀጽ ብቻውን መድኃኒት አይሆንም፡፡

ሦስተኛው የወንጀል ሕጉ ነው (አዋጅ ቁጥር 414/1996)፡፡ አንቀጽ 625 በአሳዳሪነት፣ በአስተማሪነት፣ በአሠሪነት ወይም በመሰል ሁኔታ ያገኘውን የበላይነት ተጠቅሞ፣ ወይም የሴትን ችግር መጠቀሚያ አድርጎ ከእሷ ጋር ግብረ ሥጋ የፈጸመን ሰው ይቀጣል፡፡ አንቀጽ 626 ዕድሜያቸው ከ13 እስከ 18 ዓመት በሆኑ ልጆች ላይ የሚፈጸመውን ይመለከታል፤ ተበዳይዋ የአጥፊው ተማሪ ወይም በእሱ ጥበቃ ሥር ያለች ስትሆን ቅጣቱ ይከብዳል፡፡ አሠልጣኝነት ከዚህ ውጭ የሚሆንበት ምክንያት አይታየኝም፡፡ ሕጉ ጥርስ አለው፡፡ ግን ሕግ የሚነክሰው ነገሩ ሲነገር ነው፡፡ መናገር ደግሞ የሚሰማ ሰው ይፈልጋል፡፡ ስለዚህ የስሜት ድጋፍ የሕግ ጥበቃም በር ነው ማለት ነው፡፡

‹‹ደራርቱ ሳይኮሎጂስት ነበራት?››

ይህን ጉዳይ ለአንድ የስፖርት አፍቃሪ ወዳጄ ሳነሳለት፣ ‹‹ይሄ የፈረንጅ ቅብጠት ነው፡፡ ለመሆኑ ደራርቱ ሳይኮሎጂስት ነበራት?›› አለኝ፡፡ ክርክሩ ቀላል ስላልሆነ በቀላሉ አላልፈውም፡፡

እውነት ነው፡፡ ደራርቱ ቱሉ እ.ኤ.አ. በ1992 ባርሴሎና ላይ ለኦሊምፒክ ወርቅ የበቃች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ስትሆን ዛሬ የምናወራው ዓይነት አገልግሎት በአገራችን አልነበረም፡፡ ፋጡማ ሮባ በ1996 አትላንታ ላይ ማራቶንን ስታሸንፍም እንዲሁ፡፡ ነገር ግን ይህ ክርክር የሚቆጥረው የደረሱትን ብቻ ነው፡፡ ከቤታቸው ወጥተው፣ ታመው፣ ተስፋ ቆርጠው፣ በዝምታ የተመለሱት ልጆች በየትኛው መዝገብ ላይ ተጽፈዋል? እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣውና በበቆጂ ልጆች ላይ የተሠራው ‹‹የሯጮች ከተማ›› የተሰኘው ዘጋቢ ፊልም ከቤታቸው ርቀው ክለብ የገቡ ታዳጊ ሴቶችን ኑሮ ያሳያል፡፡ ከሜዳሊያው ሥነ ሥርዓት ይልቅ የብዙኃኑ ሕይወት የሚመስለው ያንን ነው፡፡

ደግሞስ ደራርቱ ራሷ ምን አደረገች? እ.ኤ.አ. በ2009 የኒውዮርክ ማራቶን ላይ የእንግሊዟ ፓውላ ራድክሊፍ እግሯን አሟት ስትዳከም አጠገቧ ሆና በርቺ እያለች ታበረታታት ነበር፤ ተቀናቃኟን ማለት ነው፡፡ ውድድሩን በ37 ዓመቷ ያሸነፈችው ደራርቱ ናት፡፡ ደግነት ከድል ጋር እንደማይጣላ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም፡፡ ደራርቱ ሳይኮሎጂስት ነበራት ወይ ከማለት፣ ለሌሎች ድጋፍ ትሆን ነበር ማለት ይሻላል፡፡ ከ2011 እስከ 2017 ዓ.ም. የአትሌቲክስ ፌዴሬሽኑን ስትመራም ብዙዎች እንደ እናት ያዩዋት በከንቱ አልነበረም፡፡ ሆኖም የአንድ ሰው ልብ የተቋም ምትክ ሊሆን አይችልም፡፡ ሰው ቦታውን ሲለቅ ድጋፉም አብሮት ይሄዳልና፡፡

‹‹የፈረንጅ ቅብጠት›› ለሚለው ደግሞ ይህን ልጨምር፡፡ አሜሪካዊቷ ጂምናስት ሲሞን ባይልስ እ.ኤ.አ. በ2021 ቶኪዮ ላይ አዕምሮዬ አልተረጋጋም ብላ ከቡድን ፍጻሜው ስትወጣ የሰደቧት ብዙ ነበሩ፡፡ ዕረፍትና ድጋፍ አግኝታ በ2024 ፓሪስ ላይ ሦስት ወርቅና አንድ ብር ይዛ ተመለሰች፡፡ ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴም በ2023 የአዕምሮ ጤና የድርጊት መርሐ ግብር አውጥቷል፡፡ ነገሩ ቅብጠት ቢሆን ኖሮ ሜዳሊያ የሚቆጥሩ አገሮች ገንዘብ ባላወጡበት ነበር፡፡

ታዲያ ምን ይደረግ?

ሰማይ የሚያህል ዕቅድ አላቀርብም፡፡ አራት ነገር ብቻ እላለሁ፡፡

አንደኛ፣ ታዳጊ ሴቶችን የሚይዝ ክለብና ማሠልጠኛ ሁሉ፣ አሰላ ካለው የጥሩነሽ ዲባባ ማዕከል ጀምሮ እስከ ትንሹ የወረዳ ፕሮጀክት ድረስ፣ ልጆቹ ሚስጥራቸውን የሚነግሯት አንዲት የታመነች ሴት ይመድብ፡፡ ነርስ ብትሆን መልካም ነው፤ የቀድሞ ሯጭም ልትሆን ትችላለች፡፡ ሥራዋ ማከም ሳይሆን መስማት፣ ሲያስፈልግም ወደ ባለሙያ መላክ ነው፡፡ ዋናው ቁም ነገር ግን የምታውቀው ሚስጥር ለቡድን መረጣ እንዳይውል ነው፡፡ ‹‹ብናገር ከቡድን እወጣለሁ›› የምትል ልጅ አትናገርም፡፡

ሁለተኛ፣ አሠልጣኞች ሲሠለጥኑ የጉልበት ጉድለትን፣ የወር አበባ መቅረትንና የድብርትን ምልክት ይማሩ፡፡ አሠልጣኝ ሐኪም ይሁን አላልኩም፤ የተሰነጠቀ አጥንትን በሩጫ እንደማይድን እንደሚያውቅ ይህንንም ይወቅ፡፡

ሦስተኛ፣ በማናጀርና በክለብ ውል ውስጥ አንድ አንቀጽ ይግባ፡፡ አትሌቷ በሐኪም በተረጋገጠ የአዕምሮ ሕመም ምክንያት ብታርፍ እንደ አካል ጉዳት እንዲቆጠርላት፣ የሕክምናዋ ወጪም እንዲሸፈን የሚል፡፡ ከ18 ዓመት በታች ለሆነች ልጅ ደግሞ ያለ ወላጅ ወይም ሞግዚት ፊርማ፣ በምትሰማው ቋንቋም ሳይነበብላት ውል እንዳይመዘገብ ፌዴሬሽኑ ያግድ፡፡

አራተኛው የእኛ የዘመዶቿ ድርሻ ነው፡፡ ስልክ ስንደውል ‹‹መቼ ነው የምትወጪው?›› ከማለታችን በፊት ‹‹ተኛሽ ወይ? በላሽ ወይ?›› እንበል፡፡ ይህ ምንም ወጪ የለውም፡፡

በርበሬ ተራ ያለው ጉዳይ የት ደረሰ ለምትሉኝ፣ ሁሉም ነገር አልተቃናም፡፡ አክስትየዋ ሦስት ቅዳሜ ስትሟገተኝ ቆይታ በአራተኛው ሱቋን ለጎረቤት አደራ ሰጥታ፣ ነጠላዋን ጥላ፣ ልጅቷን ይዛ ወደ ሐኪም ሄደች፡፡ የሄደችው ወደዚያው ወደፈራችው በር ነው፡፡ ‹‹ሰው አየሽ ወይ?›› ብዬ ጠየቅኳት፡፡ ‹‹አየኝ እንጂ! የሸራ ተራው ጎረቤቴ ልጁን ይዞ ተራ ሲጠብቅ አገኘሁት፡፡ እሱም እኔን ሲያይ ደነገጠ›› ብላ ሳቀች፡፡ ሁለቱም ለካ ለዓመታት አንዱ ሌላውን ሲፈሩ ኖረዋል፡፡

አባትየው በሬውን የሚያነሳ ስልክ እንዳይደውሉ አክስቷ አስጠንቅቃቸዋለች፡፡ ውሉን በተመለከተ አባትየው ራሳቸው ካልፈረሙ እንደማይጸና ለደላላው ነግረነዋል፤ መልስ እየጠበቅን ነው፡፡ ሦስተኛውን ሐሳቤን አንድ አንቀጽ አድርጌ አርቅቄ ልኬለታለሁ፡፡ ይቀበለው አይቀበለው አላውቅም፡፡ ልጅቷ በዚህ የውድድር ዘመን አትሮጥም፡፡ የሩጫ ጫማዋ ከበርበሬው ጆንያ በላይ ምስማር ላይ ተሰቅሏል፡፡ ባለፈው ቅዳሜ ስደርስ ግን ሱቅ አልነበረችም፡፡ ‹‹የት ሄደች?›› ብል አክስቷ ጣቷን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ጓዳው አመለከተችኝ፡፡

ተኝታለች፡፡